የሚሮጡበት ቀሚስ

የካቲት 3 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

እኔ ደህና ነኝ። አንቺም፣ እማዬም፣ ሙሽሪት ልጅሽም ደህና ናችሁ ብዬ አስባለሁ፤ ባትሆኑም አንቺ እንደ ልማድሽ "ሁሉም ሰላም ነው" ብለሽ ስለምትጽፊልኝ ማሰቡ ይሻለኛል። የሠርጉ ካርድ ደርሶኛል። ወረቀቱ ከቤት ኪራይ ውሌ ይወፍራል። የምሠራበት መነፅር ቤት ባለቤት፣ አለቃዬ፣ አጉሊ መነፅሩን አድርጎ አገላብጦ ካየው በኋላ "ይበላል እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ።

ምን ልትለብሺ ነው እያልሽ ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል። ያልመለስኩልሽ ንቄሽ አይደለም። የካርዱ ትእዛዝ ግልጽ ነው፤ ወንዶች ጥቁር ሙሉ ልብስ ከነክራባቱ፣ ሴቶች መሬት የሚደርስ የማታ ቀሚስ፣ ነጭ ክልክል። ይሄ ሁሉ ይቻላል። ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ አንድ ቀሚስ ቤት ገባሁ። ሻጯ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከጉልበት በታች ጠበብ ያለ ቀሚስ አለበሰችኝና "ላንቺ የተሰፋ ነው" አለች። እውነቷን ነው፣ መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ታምር ነበር። ከዚያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ከመልበሻው ክፍል ወጥቼ ደረጃውን በሩጫ ተያያዝኩት። ቀሚሱ ጉልበቴ ላይ ያዘኝና በግንባሬ ልደፋ ለትንሽ ተረፍኩ። ሻጯ ይዤው ልጠፋ መስሏት ጮኸች፤ ጥበቃው መጣ። ይሮጥበት እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው ብላቸው ማን ያምነኛል? አውልቄ ወጣሁ።

እንግዲህ እኔ ቀሚስ የምመርጠው እንዲህ ነው። ሌላዋ ሴት ወገቤ ላይ እንዴት ነው ትላለች፤ እኔ እስከ በሩ ያደርሰኛል ወይ እላለሁ። ረጅም ተረከዝ አይሆንም። ሻርፕ አይሆንም፣ ከኋላ ይያዛል። የአንገት ሐብልም እንደዚያው። ፀጉሬም ተጠቅልሎ ይታሰራል እንጂ አይለቀቅም። ባሌ የነበረው ሰው ያስተማረኝ ፋሽን ይሄ ነው።

ስልክ ግዢ ላልሽው፣ አልገዛም። የድሮውን ቁጥሬን ከእማዬ ስልክ ላይ ወስዶ የደወለልኝን ቀን አልረሳሁትም። "የትም ብትሄጂ በራስሽ እግር ትመለሻለሽ" ነው ያለኝ፤ ያውም ፋርማሲው ውስጥ ለደንበኛ የሽሮፕ አወሳሰድ በሚያስረዳበት ድምፅ፣ ረጋ ብሎ። ደብዳቤ ይሻለኛል፣ እሱም በመነፅር ቤቱ የፖስታ ሳጥን። የቤቴን አድራሻ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፤ አንቺም እርሺው።

ልጅሽ "እሷ ካልመጣች አዳራሹ አልገባም" ማለቷን አንብቤ አለቀስኩ። ገና የትምህርት ቤት ልጅ ሳለች፣ እሱ ሥራ ላይ በነበረበት ሰዓት የጓሮውን በር ከፍታ፣ ደብተሮቿን ከቦርሳዋ አራግፋ ልብሴን የሞላችበት፣ ታክሲ ውስጥ የከተተችኝ እሷ ናት። ለእሷ በባዶ እግሬም እመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ሳታሽሞነሙኚ ንገሪኝ። እሱ ይኖራል?

ታናሽሽ


የካቲት 12 ቀን

ይድረስ ለድንቢጤ፣

ሰላም ነሽ ወይ ብዬ አልጀምርም፤ ቀሚስ ለብሶ ደረጃ የሚሮጥ ሰው ሰላም እንዳልሆነ ይገባኛል። ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። ፈተና ደርሶ ርዕሰ መምህሩ የሚተየብ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ከምሮብኝ ከረመ። ጣቶቼ በእንቅልፌም ሳይቀር ይተይባሉ።

ስለ ልብሱ እናውራ። የዳኛው ሚስት፣ የሙሽራው እናት ማለቴ ነው፣ ቀልድ የሚባል አታውቅም። ለራሴ የመረጥኩትን የጨርቅ ናሙና ባሳያት በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወደ መስኮቱ ወሰደችውና "ለሙሽራ እናት ይጮኻል" ብላ መለሰችልኝ። ስለዚህ አንቺም ደማቅ ቀይና የሚያብለጨልጭ ነገር እርሺ። ወይን ጠጅ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ግራጫ ያስኬዳል። ጫማሽ ዝቅ ያለ ቢሆን ቀሚሱ ይሸፍነዋል፤ ጎንበስ ብሎ የሚያይ የለም። መቀመጫሽን ኩሽናው በር አጠገብ አድርጌዋለሁ። ኩሽናው በስተጓሮ ወደ መኪና ማቆሚያው የሚያስወጣ በር አለው፤ ራሴ ሄጄ ከፍቼ ዘግቼ አይቼዋለሁ። ጠረጴዛው ላይም ስምሽ አይጻፍም፣ "የሙሽራዋ እንግዳ" ብቻ ነው የሚለው።

ለጠየቅሽኝ ደግሞ፣ የእኛን ወገን ተጋባዦች ዝርዝር የተየብኩት በገዛ እጄ ነው፤ ስሙ የለበትም። ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ።

እማዬ ደህና ናት። ግፊቷ ወርዶላታል፤ መድኃኒቷም ሳይቋረጥ በሯ ድረስ ይመጣላታል። አንቺን አሁንም ሥራ ርቆሽ የቀረሽ ነው የሚመስላት። ሐኪሙ ድንጋጤ አይሆንላትም ካለ ወዲህ ያንን ሁሉ ጉድ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤዋለሁ። "ያቺ ልጅ ለሠርጉ የምትለብሰው አላት?" እያለች ጠዋት ማታ ትነዘንዘኛለች።

እና ቀሚስ ቤት መዞሩን ተይው፤ በሌብነት ትያዥብኛለሽ። ልክሽን ጽፈሽ ላኪልኝ። የምትፈልጊውንም ሳትሸሽጊ ዘርዝሪልኝ፣ እዚሁ እኛ ሰፊ ጋ አሰፋልሻለሁ።

እህትሽ


የካቲት 21 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

ስለ ኩሽናው በር እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን "እኔን ኩሽና በር ላይ?" ብሎ ዕድሜ ልኩን ይቀየምሽ ነበር፤ እኔ ግን ከደስታዬ ብዛት ለአለቃዬ ሻይ ጋበዝኩት።

ሥራዬ እንደምታውቂው ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ሌንስ እሞርዳለሁ። የማሽኑ ውሃ ጉልበቴ ላይ ይረጫል፤ የተሞረደው ነጭ ዱቄት ቅንድቤ ላይ ይቀመጥና ማታ መስታወት ሳይ አሮጊት መስዬ እታየኛለሁ። ደንበኛ እኔን አያየኝም። እኔ ግን በመጋረጃው ጠርዝ የገባውን የወጣውን ሁሉ አያለሁ። አለቃዬ ፊት ለፊት ወጥቼ እንድሸጥ ሲለምነኝ ዓይን አፋር ነኝ እለዋለሁ። አምኖኛል፣ እንዲያውም ያዝንልኛል።

ልኬን ከገጹ ግርጌ ጽፌዋለሁ፤ ጎረቤቴ አዋላጇ ናት የለካችኝ። የምፈልገውን ሳትሸሽጊ ብለሻልና ይኸው። እጅጌው እስከ አንጓዬ ይርዘም። አንገቱ ዝግ ይሁን፤ ትከሻዬ ጋ ያለው አጥንት እንዴት ጠምሞ እንደገጠመ ታውቂያለሽ፣ በሰው ሠርግ "ምን ሆነሽ ነው?" የሚለኝ አልፈልግም። ዚፑ ከጎን ይሁን፣ ብቻዬን ለብሼ ብቻዬን እንዳወልቅ። ከጉልበቴ በታች ሰፋ ይበል፤ መሮጥ ቢመጣ እንደ ልብ የሚያስረግጥ። ቀለሙን አንቺ ምረጪ። ሲያልቅ በፖስታ ሳጥኑ ላኪልኝ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። የእማዬ መድኃኒት በሯ ድረስ ይመጣላታል ብለሻል። ማነው የሚያመጣው? "የእኛን ወገን ዝርዝር" ብለሽ ደግሞ እዚያው ላይ ቆምሽ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ትይኝ ይሆናል፤ በይኝ፣ ግን መልሺልኝ።

ታናሽሽ


መጋቢት 9 ቀን

ይድረስ ለማትመልሰው እህቴ፣

ጥያቄዬን ውጠሽ ብትቀሪም ቀሚሱን ስላደረስሽልኝ ምሬሻለሁ። እጅሽ ይባረክ። ከሥራ ስመለስ ካርቶኑን ደጃፌ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። መጀመሪያ ደንግጬ ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ከፍቼ ቀሚስ መሆኑን ሳይ በራሴ ሳቅኩ። በሳጥኑ ላኪው ብዬሽ ነበር። ሰፊው ነው በመልእክተኛ የላከው ብዬ አለፍኩት፤ ሁለተኛ ግን እንዳይደገም።

እትዬ፣ ይሄን የመሰለ ልብስ ለብሼ አላውቅም። ወይን ጠጅ ነው፣ ጨርቁ እጅ ላይ አይቆምም። አንገቱ ዝግ ሆኖ አጥንቴን ደህና አድርጎ ሸፍኖታል። እጅጌው አንጓዬ ላይ ሲደርስ ያበቃል። ወገቡማ ሰፊው ዕድሜ ልኩን ሲያውቀኝ የኖረ ይመስል ልክክ ብሏል። ሁለት ነገር ብቻ ነው የሳተው፤ ዚፑ ከጀርባ ነው፣ ከጉልበት በታችም ጠባብ ነው። ይሄ ነው የሚያምርባት ብሎ በራሱ ፈቃድ አድርጎት ይሆናል፤ ሰፊ መቼም የራሱን ሐሳብ ሳይጨምርበት አይሰፋም። አዋላጇ ጉልበቱን ተርትራ ጨርቅ እንደምትገጥምበት ነግራኛለች።

ዚፑን የዘጋችልኝም እሷ ናት። "አሁን ሰው መሰልሽ" አለችኝ። ሳታወልቂልኝ እንዳትሄጂ ብዬ ያዝኳትና ሻይ አፍልተን፣ እንደለበስኩ ቁጭ ብዬ አመሸሁ። እጅጌውን ስዳብሰው ነበር። አንቺ ስለሆንሽ ነው የምነግርሽ፣ ቆንጆ ነኝ ብዬ ካሰብኩ ስንት ጊዜዬ ነው። ያን ማታ አሰብኩ።

ደስታዬን ከጨረስኩ በኋላ ግን ጥያቄዬ እንዳለ አለ። መድኃኒቱን ማነው የሚያመጣው?

ታናሽሽ


መጋቢት 13 ቀን፣ እሁድ

ድንቢጤ፣

ሰላምታው ይቆየን። እኔ ቀሚስ አልላክሁልሽም። ልክሽንም ለሰፊ አልሰጠሁም። የገዛሁልሽ ጨርቅ እዚሁ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው፣ ግራጫ ነው።

ይህን ስታነቢ ቤትሽ ከሆንሽ ቁልፍሽን ይዘሽ ውጪና አዋላጇ ጋ ግቢ። መነፅር ቤቱ ደውዬ ደውዬ አልነሳ ሲል ነው እሁድ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ደብዳቤውን ለአውቶቡስ ሹፌር ሰጥቼ ከእጅሽ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ።

ሳላሽሞነሙን ልንገርሽ። የእማዬን መድኃኒት የሚያመጣው እሱ ነው። ፋርማሲውን ሲዘጋ እየመጣ ግፊቷን ይለካል፣ ትራሷን ያስተካክላል፣ "እናቴ" ይላታል። አትምጣ ብለው እማዬ ለምን ትለኛለች፤ ለምን የሚለውን ከነገርኳት ግፊቷ ይነሳባታል። እንዲህ እያልኩ ስፈራ ተመላለሰ። ልክሽ ያለበት ደብዳቤ የመጣ ዕለት እማዬ "የልጄን እጅ ጽሑፍ ትራሴ ሥር ላድርገው" ብላ ለመነችኝ። ፊደሉ አይታያትም ብዬ ሰጠኋት። እሷ ደግሞ ለእሱ ሰጠችው፣ እንዲያነብላት። ሰላምታውን ጮክ ብሎ አነበበላት። የቀረውን ለራሱ አነበበ። ከዚያ "በሥራዋ ምክንያት ተቀያይመናል፣ ቀሚሱን እኔ አሰፍቼ ልካሳት፣ ለትልቋ ግን እንዳትነግሪብኝ" አላትና አድራሻሽን ጠየቃት። "ልጄ የት እንደምታድር እንኳ አላውቅም" ብላ ስታለቅስብኝ ጊዜ ጽፌ የሰጠኋት አድራሻ ነው። ሰጠችው። ባልና ሚስት ያስታረቀች መስሏት ዛሬ ከደብዳቤሽ ጋር ስገባ በደስታ እያበራች ነገረችኝ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። የእናቴን ግፊት ልጠብቅ ብዬ አንቺን አሳልፌ ሰጠሁ።

"የእኛ ወገን" ላይ የቆምኩበትንም ልጨርስልሽ። በእኛ ዝርዝር የለም፤ በእነሱ ግን አለ። የዳኛው ቤት መድኃኒት የሚገዛው ከእሱ ነው፣ ካርዱን ከሰጡት ቆይተዋል። ልነግርሽ ብዕር አነሳለሁ፤ ከዚያ ስለ ጫማ ጽፌ አሽጋለሁ።

ዚፑንም ጉልበቱንም ሰፊው አልሳተውም። ድንቢጤ፣ እባክሽ ከዚያ ቤት ውጪ።

እህትሽ


መጋቢት 16 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

አለሁ። አዋላጇ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። የእሷና የእኔ ክፍል የሚለያየው በአንድ ግድግዳ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ሰው ባለፈ ቁጥር የእኔ በር ሊንኳኳ ነው እያልኩ ትንፋሼን እይዛለሁ። እስካሁን የተንኳኳ የለም። ላይመጣም ይችላል። ካርቶኑን ራሱ ያምጣው ሰው ይላክ አላውቅም፤ ደረጃው ላይ ቆሜ ስደነግጥ ከየት ሆኖ ሲያየኝ እንደነበረ እያሰብኩ እንቅልፍ ባይኔ አይዞርም።

ለብሼው ነበር እትዬ። እሱ የመረጠልኝን እጅጌ እየዳበስኩ፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ ቆንጆ ነኝ ብዬ ተቀመጥኩ። አጥንቴን ሲሰብረኝ እንዲህ አላመመኝም። በዚያ ላይ የምፈራውን ሁሉ በገዛ እጄ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ፤ መሮጥ ቢመጣ በምን እንደምሮጥ ሳይቀር።

አዋላጇ እጄን ይዛ ጣቢያ ወሰደችኝ። ተረኛው አዳመጠንና "ባልሽ ቀሚስ ላከልሽ ነው የምትይኝ?" አለ። ጎኑ ያለው ሳቀ። አዋላጇ ሰውየውን ስንት ነገር ተናገረችው መሰለሽ፤ እኔ ግን በእሱ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር እያልኩ አስብ ነበር። እንዴት ብዬ ላስረዳው? ቀሚስ ነው፣ ያውም የሚያምር ቀሚስ።

ቤት ስንገባ ከካርቶኑ አውጥታ በመቀስ ቆራረጠችውና የወለል መወልወያ አደረገችው። ጥሩ መወልወያ ይወጣዋል አለችኝ ልታስቀኝ። እኔ ግን ወለሉ ላይ ባየሁት ቁጥር ዞሬው ነው የማልፈው።

አልመጣም። ለልጅሽ አሟታል በያት። ሠርጉ የእሷ ነው፤ የእኔ ፍርሃት ወንበር ይዞ አይቀመጥበት። በእማዬ አልተቀየምኩም። በአንቺ ግን ተቀይሜያለሁ። ሲያልፍልኝ እጽፍልሻለሁ።

ታናሽሽ


መጋቢት 26 ቀን

ይድረስ ለተቀየመችኝ እህቴ፣

ሳያልፍልሽ ጻፍኩልሽ፤ አትቆጪኝ። ለልጄ አሟታል ብዬ መዋሸት ሞክሬ ነበር። ሳልጨርስ አቋረጠችኝ። ያኔ ደብተሯን አራግፋ ልብስሽን ስትሞላ ያየችውን ማን ያስረሳታል? ወይ ለአያቴ ዛሬውኑ ትነግሪያታለሽ፣ ወይ እኔ እነግራታለሁ አለችኝ።

ነገርኳት። ከትከሻሽ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። የግፊት መለኪያውን አጠገቤ አስቀምጬ ነበር፣ እንደ ሞኝ። እማዬ አላለቀሰችም። "እኔ ሳላውቅ ስንት ጊዜ እጁን ስሜ መርቄዋለሁ" ነው ያለችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ከሁላችንም በኋላ የሰማችው የወለደችሽ ናት።

በማግስቱ እንደ ልማዱ መድኃኒቷን ይዞ መጣ። ካልደገፍናት የማትነሳው ሴትዮ በራሷ ተነስታ በሩ ላይ ቆመች። እንደሁልጊዜው "እናቴ" ብሎ ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ።

"ልጄን የሰበርክበትን እጅ እኔ ላይ አታሳርፍ" አለችው።

ጎረቤት ሰማ፣ መንገደኛ ሰማ። እሱ ግን መድኃኒቱን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ለእኔ ፈገግ ብሎ ሄደ። ያ ፈገግታ እስካሁን ጀርባዬ ላይ አለ። መድኃኒቷን ከእንግዲህ ከሆስፒታል ነው የምናመጣው። ግፊቷ ከፍ ብሎ ነበር፤ አሁን ወርዷል።

ከዚያ ወደ ዳኛው ሚስት ሄድኩ። እንዴት እንደፈራሁ አትጠይቂኝ። ይሄ ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው ብላ ልጄን ዝቅ አድርጋ እንዳታይብኝ እኮ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልኩት። ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ ሹፌሯን ጠርታ ካርዱን ከሰውየው ተቀብሎ እንዲመጣ ላከችው፤ ለአዳራሹ ጥበቃም ስሙን በራሷ ስልክ ነገረች። አይዞሽም አላለችኝ። ልወጣ ስነሳ ግን "እህትሽ የምትለብሰው አላት ወይ?" አለችኝ። የሚያስሮጥ ካልሆነ አትለብስም አልኳት፣ ከአፌ አምልጦኝ። "ሱሪም ቢሆን ለብሳ ትምጣ" አለች። ለእኔ ጨርቅ ያልተገኘ ምሕረት ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትይኝ መብትሽ ነው። ካርዱን ለሹፌሩ የሰጠው ያለ ምንም ክርክር ነው፣ ይሄም አልጣመኝም። አይመጣም ብዬ አልምልልሽም። ከእንግዲህ የማላውቀውን አውቃለሁ አልልሽም። የማውቀው እኔ ራሴ በር ላይ እንደምቆም ነው፤ ሙሉ ምሽቱን።

ግራጫውን ጨርቅ በአውቶቡስ ሹፌሩ ልኬልሻለሁ። ብትመጪ ስፊው፤ ባትመጪም ያንቺ ነው።

እህትሽ


ሚያዝያ 3 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

እመጣለሁ። ደፍሬ መስሎሽ እንዳታሞግሺኝ፤ እንደፈራሁ ነው የምመጣው።

ጨርቁን አዋላጇ ቆረጠችው፣ እኔ ሰፋሁት። ዚፑ ከጎን ነው። አንገቱ ዝግ፣ እጅጌው ረጅም፣ ታቹ እንደ ጃንጥላ ሰፊ። ተረከዝ የሌለው ጥቁር ጫማ አግኝቻለሁ። ትናንት ቀሚሱን ለብሼ የመኖሪያ ቤቱን ደረጃ ከታች እስከ ላይ ሮጥኩት። አዋላጇ ከታች ሆና ታጨበጭባለች፤ ተከራዩ ሁሉ እሳት የተነሳ መስሎት ወጣ። አንዱ ሽማግሌ "ለምን ውድድር ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ለሠርግ ነው አልኩት።

"የሙሽራዋ እንግዳ" የሚለውን ሁለት አድርጊልኝ፤ አዋላጇ ብቻሽን አትሄጂም ብላለች። ችግሩ ያላት ረጅም ልብስ የሥራ ካፖርቷ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ነጭ ነው። የዳኛው ሚስት ልቧ እንዳይቆም ሌላ እንዋሳለን።

እማዬን የማገኛት ቀን ምን እንደምላት አላውቅም። አንቺን ግን ተቀይሜሽ መጨረስ አልቻልኩም፤ ጉልበት ይፈልጋል፣ ያለኝ ጉልበት ደግሞ ለሌላ ነገር ያስፈልገኛል።

ታናሽሽ


ግንቦት 1 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ በደህና ገብቻለሁ። ሌላ ቤት ተከራይቻለሁ። አድራሻውን ለአንቺም አልነግርሽም፣ አትቀየሚኝ። እማዬ ብታለቅስብሽ አልቅሺ በያት። በፖስታ ሳጥኑ ጻፉልኝ።

አዎ፣ እሱ ሳይመጣ ቀረ። ያንን ሁሉ ሰዓት በር ላይ ቆመሽ እግርሽ አብጦ ጫማሽ አልወልቅ ብሎሽ እንደነበር አዋላጇ ነግራኛለች፤ ስትመለሺ አይታሽ ነበር። የዳኛው ሚስት በአጠገቤ ስታልፍ ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች አይታ "ግራጫው ጥሩ ነው" ብላኛለች። ከእሷ አፍ ይህ ምርቃት ነው። እማዬ ሙሉ ምሽቱን እጄን አልለቀቀችም፤ ምንም ሳንነጋገር ተለያየን፤ ቢሆንም ጥሩ ነው።

የጠየቅሽኝን ነገር ግን እንዴት ልመልስልሽ? "እኔ የግቢው በር ላይ ሆኜ አዳራሽ ስትገባ አላየኋትም፣ ካንቺ ቦታ ልጄ እንዴት ነበረች?" ብለሻል። ደብዳቤውን ካነበብኩ ጀምሮ ልጽፍልሽ እሞክራለሁ፤ አልቻልኩም።

አላየኋትም እትዬ።

በአዳራሹ በር የገባውን ወንድ ሁሉ ልነግርሽ እችላለሁ። በጥቁር ሙሉ ልብሱ ላይ ቡናማ ጫማ ያደረገውን የሙሽራውን አጎት፤ ክራባቱን ደፉ ላይ ቆሞ ያሰረውን ጎረምሳ፤ ትሪውን በግራ እጁ የሚይዘውን አስተናጋጅ። መብራቱ ከጀርባው ሆኖ የገባ አንድ ረጅም ሰው ነበር፤ እሱ ነው ብዬ የአዋላጇን ክንድ እስኪደማ በጥፍሬ ያዝኩት። የድምፅ ማጉያ ሊጠግን የመጣ ሠራተኛ ነው። ሙሽራዋ ስትገባ ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ። እኔም ተነሳሁ፣ እኔም አጨበጨብኩ። የቆመው ሰው በሩን ሲጋርድብኝ ግን በሩን ለማየት ወደ ጎን ተጠጋሁ። እሷ ያለፈችው በሌላው በኩል ነው።

ኋላ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ አቀፈችኝ። ጆሮዬ ሥር የሆነ ነገር ነገረችኝ። ምን እንዳለችኝ አልሰማሁም። አገጬ ትከሻዋ ላይ ነበር፣ ዓይኔ በሩ ላይ። ታክሲ ውስጥ የከተተችኝ ልጅ በዕድሜዋ አንድ ቀን ሠርጓን ልታሳየኝ ጠራችኝ፤ ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ፣ ቀሚስ ሰፍቼ፣ በእቅፏ ውስጥ ቆሜ አላየኋትም። ሰውየው ቤቱ ተቀምጦ ሠርጓን ወሰደብኝ።

ለእሷ እንዳትነግሪያት። ቆንጆ ነበርሽ ብያታለሁ፤ እንደነበረችም አልጠራጠርም። ፎቶው ሲደርስ ላኪልኝ፣ አዲሱ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ በሩን ቆልፌ ደህና አድርጌ አያታለሁ።

እስከዚያው ግን መጠበቅ አልቻልኩም፤ አንድ ነገር ጻፊልኝ። ነጭ እንደነበረ አውቃለሁ፣ ሌላ ሰው ነጭ መልበስ ስለማይችል። የቀረውን አላውቅም። ቀሚሷ እጅጌ ነበረው?

ታናሽሽ